የሚያፏጨው ካሚዮን

ሰው መናቅ የተማርኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አላውቅበትም ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ እንድል፣ ሲቆጡኝም አንገቴን እንድደፋ አድርጋ ነው። ሶማሌ ተራ ገብቼ ቱታ ከለበስኩ በኋላ ግን ሥራው እየገባኝ በሄደ ቁጥር አንገቴ እየቀና መጣ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ በዙሪያዬ ካሉት ሰዎች ውስጥ የማከብረው አንድም አልነበረም።

መጀመሪያ የናቅሁት አለቃዬን ነው። የጋራዡ ባለቤት ነበሩ፤ ሠራተኛውም ደንበኛውም «ጋሼ» ይላቸዋል። ድሮ አንድ ጣሊያን ዘንድ ዋና መካኒክ እንደነበሩ ይናገራሉ። አብረዋቸው የሠሩ አንድ ሽማግሌ ግን የጣሊያኑን ቁልፎች በጨርቅ ከመወልወል ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም ብለውኛል። እኔ ያመንኩት ሽማግሌውን ነው። አለቃዬ ቱታ አይለብሱም። ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ የሐኪም ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። መኪና ሲመጣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እሳቸውም ሁላችንም ዝም እንድንል እጃቸውን ያነሳሉ። ከዚያ የማዳመጫውን ጫፍ እዚህም እዚያም ለጠፍ እያደረጉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባለመኪናው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሞተሩ መውረድ አለበት ይላሉ።

ሁልጊዜ መውረድ አለበት። በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ሲሉ የሰማኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ቀን አሟቸው ነበር።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት አንድ የእህል በረንዳ ነጋዴ አዲስ ካሚዮናቸውን አስነድተው መጡ። ከጎጃም ጤፍ የሚያስመጡ ሰው ናቸው። ማዕረጋቸው ግራዝማች ነው። ማዕረጉን እንዴት እንዳገኙት ሰፈሩ የተለያየ ወሬ ነበረው፤ በጦር ሜዳ እንዳልሆነ ግን ሁሉም ይስማማል። ካሚዮኑ ቱርቦ ነበረው። ያኔ መርካቶ ውስጥ ቱርቦ ያለው መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ፣ አየር ጨምቆ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚገፋ፣ ከጥቅል ጎመን የማይበልጥ የብረት ዕቃ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት የሚሰጠው ያ የተጨመቀ አየር ነው። ግራዝማች ይህን አያውቁም። የሚያውቁት ሌሎቹ ነጋዴዎች ቱርቦ እንደሌላቸው ብቻ ነው።

ችግሩን ያስረዱን ራሳቸው ናቸው። ካሚዮኑ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ እንደ ጭልፊት ይጮሃል አሉ። ጉልበቱም ደክሟል፤ የዓባይን በረሃ ሲወጣ አሮጌዎቹ ካሚዮኖች እያለፉት ነው። ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። በቆመበት ቦታ ሁሉ ደግሞ መሬቱን ዘይት ያለብሰዋል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሾፌራቸው ከኋላቸው ቆሞ ነበር፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ቀጭን የወሎ ሰው። መኪናውን በየቀኑ የሚነዳው እሱ ሆኖ ሳለ አንድም ሰው ፊቱን ወደ እሱ አላዞረም። እኔም አላዞርኩም። ሾፌር ማለት ለእኔ ከመሪው ጋር አብሮ የመጣ ዕቃ ነበር። በዕድሜ አጎቴ የሚሆነውን ሰው «አንተ» ነበር የምለው። አሁን «እሳቸው» እያልኩ ብጽፍ ያኔ የነበርኩትን ሰው መሸፈን ይሆንብኛልና እንደዚያው ልቀጥል።

አለቃዬ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። ካሚዮኑ ባዶውን፣ ያውም ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ይንደቀደቃል። ከጎረቤት ሱቆች የወጣ ሰው ከቧቸዋል። እንዲህ እያለ ፉጨቱ እንደማይሰማ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ሰውዬው ዳገት ላይ ነው የሚጮኸው ብለዋል።

«ጋሼ፣ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው የሚያፏጨው ተብሏል። ባዶውን ቆሞ ምን ይሰማል?» አልኳቸው።

ማዳመጫውን ሳያወልቁ፣ «ለጆሮ ሥራ ገና ነህ። ሂድና ብሎን እጠብ» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ሄጄ ብሎን አጠብኩ። ሳጥብ ከጀርባዬ ፍርዱ ሲሰጥ ሰማሁ። ፋሻው አልቋል፤ ማለትም ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች ተበልተዋል፤ ዘይቱም ጭሱም ፉጨቱም ከዚያ ነው፤ ሞተሩ መውረድ አለበት። ግራዝማች እንደ ተማረ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሞተሩን ለማውረድና ለመፍታት አራት ቀን ፈጀብን። ፋሻው አዲስ ነበር። ሲሊንደሩ ውስጥ ፋብሪካው ያሰመራቸው ጭረቶች እንኳ ገና አልጠፉም ነበር። አለቃዬን ጠርቼ በባትሪ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ ለዓይን ደህና ይመስላል እንጂ ብረቱ ከውስጥ ደክሟል አሉኝ። ብረት ከውስጥ ሲደክም እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያዩት። ደህናውን ፋሻ አውጥተን በሌላ ፋሻ ተካን። ሞተሩን መልሰን ገጠምን፣ ካሚዮኑም ወደ ጎጃም ሄደ።

በአሥር ቀኑ እያፏጨ ተመለሰ። ዘይቱም ጭሱም እንዳለ ነው። አለቃዬ እንደገና አዳመጡ። በዚህ ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ቆዩ፤ ከዚያ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው፣ ይህ የመካኒክ ነገር አይደለም፣ ዓይን ነው አሉ። ተቆጥተው ጋራዡን ይገለብጡታል ብዬ ስጠብቅ ግራዝማች ፊታቸው በራ። እህል በረንዳ በሙሉ ሲቀናባቸው እንደሚያድር ከድሮም ያምኑ ነበርና የፈለጉትን ነው ያገኙት። በማግስቱ ቄስ አስመጡ። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ። ጸሎታቸውን አድርሰው ጠበሉን ረጭተው ሲጨርሱ ከሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት አዩና፣ ለዚህ እንኳ ቁልፍ የያዘ ሰው ቢፈለግ ይሻላል አሉ። በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ንግግር ሁሉ አእምሮ ያለበት ያ ብቻ ነበር።

ግራዝማችን ቀስ ብዬ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ካሚዮኑን ጭነው ለግማሽ ቀን ቢሰጡኝ ፉጨቱን እንደማገኘው ነገርኳቸው። አለቃዬ ሲሰሙ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ይሂድ፣ ዳገቱ ያስተምረዋል አሉ። ጤፍ ጫንን። ሾፌሩ መሪውን ያዘ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ አዲሱ ገበያን አልፈን ወደ ሱሉልታ በሚወስደው ዳገት ወጣን። ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ ነበር። ገና ዳገቱ ሲጠና ፉጨቱ መጣ። በቀኝ በኩል ከኮፈኑ ሥር ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ፉጨቱ ይቆማል፤ ሲረግጥ ይመለሳል። ፋሻ እንዲህ አያደርግም። ዓይንም እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው መውጫ ያገኘ አየር ነው።

ዳር አስይዤው ኮፈኑን ከፈትኩ። የተጨመቀውን አየር ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚወስድ ክንድ የሚያክል የጎማ ቱቦ አለ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ከሥሩ ግን ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። በጨርቅ ጠርጌ በጣቴ ስዳስሰው፣ ከማሰሪያው አጠገብ ጣት የሚያክል ስንጥቅ አገኘሁ። ሞተሩ ሲቆም ይገጥማል፤ ጭነት ሲመጣበት አየሩ እንደ አፍ ይከፍተውና ያስጮኸዋል። ጉልበቱም በዚያው ሲሾልክ ከርሟል። ጎንበስ እንዳልኩ ሾፌሩ ከጎኔ መጥቶ ቆመና፣ «የዘይቱ ነገር እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

መሪውን ለመያዝ ተመለሰ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከሶማሌ ተራ ልክ የሆነ ቱቦ ፈልጌ፣ ቆርጬ፣ በሁለት ማሰሪያ አጥብቄ ገጠምኩ። ከነጭነቱ መልሰን ዳገቱን ስንወጣ ካሚዮኑ ትንፍሽ አላለም። ጉልበቱም ተመለሰ። ጋራዥ ስንደርስ ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ግራዝማችም ራሳቸው ይጠብቁን ነበር። አሮጌውን ቱቦ አንጠልጥዬ ወረድኩና አለቃዬ ፊት ዘረጋሁት። በስንጥቁ ውስጥ ጣቴን አሳለፍኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ልቡን ሲያዳምጡ የሚያፏጨው ሳንባው ነው» አልኳቸው።

አምስት ዓመት ሙሉ ብሎን ያጠብኩበት ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ተከፈለኝ። አለቃዬ ጋውናቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ ገቡ። ግራዝማች ትከሻዬን ይዘው ለሰዉ አሳዩኝ፤ ካሚዮናቸውን እንደሚያሳዩት ነው ያሳዩኝ። ዘይቱስ ብለው ጠየቁኝ። ዘይቱም ከዚያው ከቱቦው ነው፣ አሁን ይጠራል አልኳቸው። አላየሁም ነበር። ከሥር ገብቼ አላረጋገጥኩም። የዚያን ቀን ለእኔ የማላውቀው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ካሚዮኑ ሲመለስ ከእህል በረንዳ መታጠፊያ ጀምሮ ተሰማ። ፉጨት አይደለም። ቢላ ሞረድ ላይ ሲሳል የሚያሰማው ዓይነት፣ ብረት ብረትን የሚፍቅበት ድምፅ ነው። ጭሱ የጋራዡን በር እስኪሸፍን ሰማያዊ ሆኗል። ከሥሩ ዘይቱ ይወርዳል እንጂ አይንጠባጠብም። ግራዝማች ከጋቢና ሲወርዱ የተመለከቱት እኔን ነው። አለቃዬ ወንበር አስወጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሲኒማ እንደገባ ሰው ያዩኝ ነበር።

ዘይት ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ መጀመሪያ ያለውን ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ዘይት ከአንድ ቦታ ወጥቶ በነፋስ ተገፍቶ ሌላ ቦታ ይጠራቀማልና። ሞተሩን በነፍጣ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ከዚያ የምነሰንስበት ዱቄት ጠየቅሁ። በሺህ ኩንታል የሚያራግፉት ግራዝማች ለዱቄቱ ተከራከሩኝ፤ በመጨረሻ ነቀዝ የበላው ስንዴ ተፈጭቶ መጣ። ሞተሩን በሙሉ ነጭ አደረግሁትና አስነሳሁት። ብዙም ሳይቆይ ነጩ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ታየ፣ እየሰፋም ሄደ። ከቱርቦው ሆድ ሥር ነው፤ ዘይቱ ቱርቦውን አለስልሶ ወደ ሞተሩ ከሚመለስበት ቧንቧ ላይ።

ቧንቧውን ፈታሁት። ውስጡ እንደተቃጠለ ድስት ከስሎ፣ ትንሿን ጣቴን የማያሳልፍ ሆኗል። ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ በየጎኑ እየተገፋ ወደ ጭሱም ወደ ውጭም ይወጣ ነበር። የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣቴ ስይዘው እንደ ወላለቀ ጥርስ ተነቃነቀ። የቆየ ችግር ነው። ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ባየው ኖሮ ቧንቧውን ጠርጌ ቱርቦውን አተርፈው ነበር።

ዘይት እንዲህ የሚከስለው በአንድ ነገር ነው። ቱርቦው ዳገት ወጥቶ እንደ ፍም ግሎ ሳለ ሞተሩ ድንገት ከጠፋ፣ ውስጡ የቀረው ዘይት እዚያው ይጠበሳል። ሾፌሩን ካሚዮኑ ጀርባ ወስጄ አፋጠጥኩት። ዳገት ጨርሶ ሲቆም ሞተሩን ወዲያው ያጠፋ እንደሆን ጠየቅሁት። አጠፋለሁ አለ። ለምን አልኩት፣ ስድብ ባለበት ድምፅ።

«አጥፋ ስለምባል» አለኝ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። የዓባይን በረሃ ወጥተው ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ፣ ገና ጎማው ሳይቆም ግራዝማች አጥፋ ይሉታል፤ ነፍጣ በከንቱ እንዳይቃጠል። መኪናውን ያስረከባቸው መካኒክ ከዳገት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳትጠፋ ትብረድ ብሎ ነግሮት ነበር። ይህንንም ለግራዝማች ነግሯቸው ነበር። ነፍጣው ያንተ ነው ወይ ብለውታል። ሁለተኛ አላነሳውም።

«ይህን ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ» አለኝ። «ከአንተ አይለፍ። አምስት ልጅ አለኝ።»

እሺ አልኩት። እውነትም እሺ ማለቴ ነበር።

ወደ ፊት ስመለስ ግን ሰዉ እንደ ሠርግ ቤት ተሰብስቧል፤ አለቃዬ ወንበራቸው ላይ ፈገግ ብለዋል፤ ግራዝማችም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ዘንድሮ መካኒክ ከንቱነት ይናገራሉ። ይህንን ጎረምሳ አምኜ ነው መኪናዬ የሞተችው ሲሉ ሰማሁ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ የግራዝማች ወፍራም አንገት ብቻ ነው።

«ግራዝማች፣ ቱርቦውን የገደለው የሰው ዓይን አይደለም፤ የእርስዎ አፍ ነው» አልኩ። ስለ ጎሐ ጽዮንና ስለ ነፍጣው የሰማሁትን ሁሉ እዚያው ዘረገፍኩት።

ግራዝማች ይህን ማን እንደነገረኝ ጠየቁ። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አልነበረም። ጋቢና ውስጥ ሦስተኛ ሰው አልነበረማ። ወደ ሾፌሩ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጣቸው። ከጋቢናው ብርድ ልብሱን፣ የመስገጃ ምንጣፉንና የውኃ ማንቆርቆሪያውን አወጣ፤ ምንጣፉን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ከብብቱ ሥር አደረገና በሰዉ መሃል አልፎ ሄደ። ዞር ብሎ አላየኝም። እኔ ደግሞ ያኔ ለራሴ ያልኩትን አልረሳውም፤ ወንድ ልጅ ከሆነ ለምን አይናገርም ነበር አልኩ። እሱንም ናቅሁት። ቤቴ ገብቼ እራት ቀርቦልኝ ነው አምስቱ ልጆች ትዝ ያሉኝ።

የቀረው አጭር ነው። አዲስ ቱርቦ እስኪመጣ ወራት ፈጀ፤ ሌላ ሰው ገጠመው፤ እኔ ከአለቃዬ ጋር ተለያይቼ ነበር። ግራዝማች ሌላ ሾፌር ቀጠሩ። ዳገት በጨረሱ ቁጥር አሁንም አጥፋ ይሉት እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ልማዱን መተው ማለት ያ ሁሉ ሰው ፊት የተባሉት እውነት ነው ማለት ይሆንባቸዋል። ሁለተኛው ቱርቦ በረሃው ውስጥ ተሰባበረ። በመጨረሻ አለቃዬ ዕቃውን ጭራሽ አውጥተው በቦታው ባዶ ቧንቧ በየዱላቸው። ካሚዮኑ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንደ ኤሊ ቢሄድም ፉጨት የሚባል ነገር የለውም። አለቃዬ በዚህ ስማቸው ይበልጥ ገነነ። ግራዝማችም በዚያው ሰሞን ጋቢናው ግንባር ላይ በቀይ ቀለም «ቱርቦ» ብለው አስጻፉበት።

ሾፌሩን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ አውቶቡስ ተራ ነው። የደሴ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪሞላለት አጥር ጥግ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። አልፌ ልሄድ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ቀርቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዴት ዋሉ ጋሼ አልኩት። ጥቂት አየኝና አወቀኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ለስምንት ወር ሥራ አጥቶ፣ ትልቁን ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ እንደነበር ስጠይቀው ነገረኝ፤ ሊያሳዝነኝ ብሎ አይደለም፣ ስለጠየቅሁት ነው። ያን ቀን አፌን መዝጋት ነበረብኝ አልኩት። አልፏል አለ። የከነከነኝን ጠየቅሁት፤ መጀመሪያ የመጡ ቀን፣ ሞተሩን ሳናወርደው በፊት፣ ያን ሁሉ እያወቁ ለምን ዝም አሉ? ግራዝማችን ፈርተው ነው?

«ግራዝማችማ ጯሂ ናቸው፤ ጩኸት ለምጃለሁ» አለ። «የፈራሁት አንተን ነበር። ሰው የምታይበት ዓይን ነበረህ።»

ያለ ቂም ነው የተናገረው፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ተሳፋሪው ሞላለት፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጥኩ ብል ደስ ባለኝ። በሳምንቱ ፍሬን አልይዝ ያለው አንድ የታክሲ ሾፌር ያኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጥቶ፣ እንደ ልማዴ፣ አህያ እንኳ ከዚህ የተሻለ መኪና ይይዛል አልኩት። ደነገጠ፣ አቀረቀረም። ትንሽ ቆይቼ መቼ እንደጀመረው ጠየቅሁት። ከልቤ መጠየቄን መጀመሪያ አላመነኝም። ደግሜ ስጠይቀው ነው ቀስ እያለ መናገር የጀመረው።